ጅማ ላይ የቢራና የአልኮል ጅምላ ማከፋፈያ፦ ፈቃዱ፣ ባዶ ሳጥኑ፣ ፎርጅዱ

ጀማሪ_ከአጂፕ፦

ሰላም ለቤቱ። ጅማ ሂርማታ አካባቢ የቢራና የታሸገ አልኮል (ጂን፣ ኡዞ፣ ቮድካ፣ ወይን፣ ትንሽም ውስኪ) ጅምላ ማከፋፈያ ለመክፈት ታስቧል። መጋዘኑ 120 ካሬ ነው፤ አንድ ኤንፒአር አይሱዙ አለ። ገበያው ከተማው ውስጥ ያሉ ግሮሰሪዎችና ቡና ቤቶች፣ ከዚያ በአጋሮ መስመር፣ በሰቃና በሰርቦ በኩል ነው። ቢራው ከአንድ ዋና ወኪል ሥር በንዑስ አከፋፋይነት ይጀመራል።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። በቀን 100 ሳጥን ለመሸጥ ስንት ሳጥን በእጅ መኖር አለበት? ሰው ሁሉ «ገንዘቡ ባዶው ላይ ነው የሚቀረው» ይላል፤ ሒሳቡን የሚያስረዳ ግን አልተገኘም። ቢራውና ሌላው አልኮል በአንድ ፈቃድ ይሠራሉ? ፎርጅድ መጠጥ መጋዘን ሳይገባ እንዴት ይለያል? ዩኒቨርሲቲው ቅርብ ስለሆነ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን የሚከለክለው ሕግ ጅምላ ሻጭንም ይነካል ወይ? ያወቃችሁ በቁጥር ብትመልሱ ደስ ይለኛል። «እግዚአብሔር ይርዳህ» ብቻ ለሚለኝ ግን አሜን ብዬ አልፋለሁ።

ባዶ_ሳጥን፦

ከባዶው ልጀምር፤ አዲስ አከፋፋይ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

በቀን 100 ሳጥን እንበል። ለቡና ቤት የሰጠኸው ሳጥን ባዶ ሆኖ እስኪመለስ በአማካይ 6 ቀን ቢፈጅ 600 ሳጥን ሁልጊዜ ደንበኛ ጋ አለ ማለት ነው። መጋዘን ውስጥ የ4 ቀን ሙሉ ካልያዝክ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ትደርቃለህ፤ ይህ 400 ነው። ለአንድ ጭነት እስኪሞላ የሚጠራቀመው ባዶ 200፣ መንገድ ላይ ያለው ሌላ 200። ድምሩ 1,400 ሳጥን ይሆናል፤ በ24 ሲባዛ 33,600 ጠርሙስ። ጀማሪ ሰው ለቢራው የሚከፍለውን ብቻ አስልቶ ይገባል። ማስያዣው (ሳጥኑና ጠርሙሱ እስኪመለስ ለአቅራቢው የሚያዘው ገንዘብ) ግን ለ1,400ውም ሳጥን ነው፣ ከነጠርሙሱ። ሥራውን እስክታቆም ድረስ ያ ገንዘብ ተመልሶ እጅህ አይገባም።

ከዚህ ውስጥ የምትቆጣጠረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ 6ቱ ቀን። ወደ 4 ብታወርደው 200 ሳጥን ማስያዣ ተረፈህ። ወደ 10 ከሸሸ 400 ሳጥን ተጨማሪ መግዛት ሊኖርብህ ነው፣ ሽያጩ በአንዲት ጠርሙስ ሳይጨምር። ስለዚህ ደንቡ «ሙሉ በባዶ» ይሁን፤ 10 ሙሉ ያወረደ ሹፌር 10 ባዶ ይዞ ይመለስ። ባዶ የሌለው ደንበኛ ማስያዣውን ያኑር፣ ባዶውን ሲያመጣ ይወስዳል። «ነገ እሰጥሃለሁ» የተባለ ባዶ ሳጥን የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ የበር ማስደገፊያ ወይም የጎረቤት መቀመጫ ሆኖ ነው የሚገኘው።

መዝገቡ ላይ አራት ዓምድ ያስፈልጋል፦ ሙሉ፣ ባዶ ከነጠርሙሱ፣ ሳጥን ብቻ፣ ልቅ ጠርሙስ። የፕላስቲኩ ማስያዣና የጠርሙሱ ማስያዣ የተለያየ ስለሆነ በአንድ ዓምድ «ባዶ 50» ብሎ መጻፍ በወሩ መጨረሻ ከሹፌር ጋር ያጣላል።

ፋብሪካው የሚመልሰው ባዶም አለ። አፉ የተሸረፈ ጠርሙስ (ቆርኪው አይገጥምም)፣ የሌላ ፋብሪካ ስም የተቀረጸበት፣ ቅርጹ ወይም ቀለሙ የማይመሳሰል፣ ውስጡ ሲሚንቶ ወይም ቀለም የደረቀበት። ከሁሉ የከፋው ላምባ የተሸጠበት ነው። የፋብሪካው ማጠቢያ የላምባን ሽታ ሁልጊዜ አያስለቅቅም። ጭነት ሲራገፍ ሳጥኑን በቁመቱ ብቻ አትቁጠር፤ ከላይ ሆነህ 24ቱን አፎች እይ፣ የሚጠረጠረውን አሽት። የሌላ ብራንድ ጠርሙስ ከተቀላቀለብህ የዚያ ብራንድ አከፋፋይም የአንተን ይዞ እንደሚቀመጥ እወቅ። ቁጥር በቁጥር መለዋወጥ የተለመደ ነው፤ ሳምንታዊ ቀን ብትቆርጡለት ለሁለታችሁም ይቀላል።

ጭነቱን በተመለከተ፦ የ33 ሲ.ኤል. 24 ጠርሙስ የያዘ ሙሉ ሳጥን እንደ ጠርሙሱ ውፍረት 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 35 ኩንታል ለሚጭን አይሱዙ ከ218 ሳጥን አይበልጥም። ቦታው 280 ያስገባል ብለህ ብትጭነው ፍሬኑንና ባሌስትራውን እየበላህ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የጊቤን ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለ። በደሌ በ140 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቅርብ ነው፤ ግን አንድ ነገር ልብ በል። የበደሌን ፋብሪካ ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. ከገዛው ወዲህ ያ ኩባንያ የሚሸጠው ሁሉ በደሌ አይጠመቅም፤ ቂሊንጦም ትልቅ ፋብሪካ አለው። ውል ስትፈርም የትኛው ምርት ከየትኛው ፋብሪካ እንደሚነሳና ማጓጓዣውን ማን እንደሚችል በስም ይጻፍ።

መጋዘኑ ይበቃል። አንድ ሳጥን 0.12 ካሬ ገደማ ይይዛል። 800 ሙሉና ባዶ በ7 ደርብ ሲከመር 115 ምሰሶ፣ 14 ካሬ ብቻ ነው። መተላለፊያውንና ማራገፊያውን ጨምረህ በ3 አባዛው፤ 42 ካሬ። ከ7 ደርብ በላይ በእጅ የሚከመር ነገር ታችኛውን ሳጥን ያጎብጣል፣ ሰውም ላይ ይወድቃል። ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን፤ ከሥሩ የእንጨት ፓሌት አስገባ። የጅማ ዝናብ እንደምታውቀው ነው፦ እርጥበት ቆርኪውን ጠርዙ ላይ ያዝገዋል። ቢራው ደህና ቢሆንም ዝገቱ ጠርሙሱ አፍ ላይ ስለሚቀር ደንበኛ ይመልሰዋል።

ቢራን የሚያበላሸው ሌላው ብርሃንና ሙቀት ነው። ፀሐይ ያገኘው ቢራ የሚከረፋ ሽታ ያመጣል። አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ በፍጥነት፣ ቡናማው ዘግይቶ። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር ቢራው የሚያረጅበት ፍጥነት እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ከሌለ የላይኛው ደርብ ከታችኛው ቀድሞ ያረጃል። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚሠራው ግን ጭነቱ የገባበትን ቀን በጠመኔ ምሰሶው ላይ የጻፈ ነው።

ድራፍት ብትጨምር በርሜሉ ከጠርሙስ ይልቅ ዕድሜው አጭር ነው። 30 ሊትር በ33 ሲ.ኤል. ሲካፈል ወረቀት ላይ 90 ብርጭቆ ነው፤ በአረፋና በቱቦ የሚቀረው ሲቀነስ 83 እስከ 85 ይወጣል። «ቢራችሁ አረፋ ብቻ ነው» የሚል ስልክ ሲመጣ ቀድመህ የምትጠይቀው በርሜሉ ቀዝቅዞ ነበር ወይ፣ ቱቦውስ መቼ ታጠበ ነው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ቱቦ ጥፋቱን በርሜሉ ላይ ያላክካል። የጋዙ ሲሊንደር በር ዘግቶ በሚታደርበት ጠባብ ክፍል አይቀመጥ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ተኝቶ ይጠብቃል።

ደረሰኝ_ቁረጥ፦

ስለ ፈቃዱ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ 980/2008 እና ማሻሻያው 1150/2011 ናቸው የሚመሩህ። ምዝገባው አንድ ጊዜ ነው፤ ፈቃዱ ግን በሥራ መደቡ ይሰጣል። ጅምላና ችርቻሮ የተለያየ መደብ ነው። መጋዘኑ በር ላይ ለአላፊ አግዳሚ ጠርሙስ በጠርሙስ የምትሸጥ ከሆነ በጅምላ ፈቃድ ችርቻሮ እየሠራህ ነው፤ ቁጥጥር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዘው እሱ ነው። የቢራና የሌላውን አልኮል መደብ በተመለከተ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ቀርበህ መደቡን ከነኮዱ ተመልከት። ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ቃል የምትሸጠውን ሁሉ ካልሸፈነ «ያው አልኮል ነው» የሚል ክርክር አያወጣህም።

የብቃት ማረጋገጫውን (ቦታው ለሥራው ይመጥናል የሚለውን ወረቀት) ጉዳይ የኪራይ ውል ሳትፈርም ጨርስ። ብዙ ሰው የዓመት ኪራይ ቀድሞ ከፍሎ ቦታው «አይሆንም» ይባላል። ወለሉ፣ ግድግዳው፣ አየር መግቢያው፣ ለአይጥ በር የሚከፍተው ክፍተት፣ በአካባቢው ያለው ትምህርት ቤትና የእምነት ቦታ አስቀድሞ ይታይ። ጥያቄህንም በደብዳቤ አቅርብ፣ መልሱም በደብዳቤ ይምጣ። በቃል «ችግር የለውም» ያለህ ባለሙያ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ወረዳ ተመድቦ ሊሆን ይችላል።

አሁን ሁሉም ወደሚቸገርበት ልምጣ። ኤክሳይዝ ታክስ (አዋጅ 1186/2012) የሚከፈለው ፋብሪካው ወይም አስመጪው ላይ ነው፤ አንተ አትከፍልም፣ ግን ዋጋህ ውስጥ ተጭኖ ይደርስሃል። ተመኑ ስለሚሻሻል ለምሳሌ ያህል 40 በመቶ እንበል፦ 100 ብር የፋብሪካ ዋጋ፣ ሲደመር 40፣ 140፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 21 ብር፤ 161። ቫቱ የሚሰላው ኤክሳይዙንም ጨምሮ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ትርፉን ከ100ው ላይ አስቦ ይከስራል።

ፋብሪካው ለአንተ የሸጠው እያንዳንዱ ሳጥን በቲን ቁጥርህ ገቢዎች ጋ ተመዝግቧል። አንተ ደግሞ ደረሰኝ የማይፈልግ ደንበኛ ይገጥምሃል። አነስተኛ ግብር ከፋይ የሆነው ባለ ቡና ቤት ግዢው በስሙ ከተቆረጠ ሽያጩ ይታወቅብኛል ብሎ ይሸሻል። «ያለ ደረሰኝ ስጠኝ» ሲልህ እሺ ካልክ የገባው 2,600 ሳጥን፣ በማሽን የወጣው 1,900፣ መጋዘን ያለው 400 ይሆናል። 300ው የት ሄደ? ኦዲተሩ የሚጠይቀው ይኼን ብቻ ነው፤ የተሸጠ ያልተመዘገበ ብሎ ይወስነዋል። ደንበኛው ግን ያን ቀን አጠገብህ የለም።

መኪና ላይ ጭኖ ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ የፈለገ እንዲገዛ ማድረግ (ቫን ሴል የሚሉት) ከካሽ ሬጅስተር ጋር አይስማማም። ማሽኑ በተመዘገበበት አድራሻ ነው የሚሠራው፣ የጫንከው ዕቃ ደግሞ ገዢው ገና አልታወቀም። መፍትሔው ቅድመ ትዕዛዝ ነው። ሠራተኛህ ከሰዓት በኋላ በስልክም በእግርም ትዕዛዝ ይሰበስባል፤ ማታ በመስመር ይደለደላል፤ ጠዋት ደረሰኙ በእያንዳንዱ ገዢ ስምና ቲን ተቆርጦ ከጭነቱ ጋር ይወጣል። መንገድ ላይ መኪናው ቢቆም ጭነቱና ወረቀቱ ይገጥማሉ። ያልተቀበለ ደንበኛ ካለ ዕቃው ያንኑ ቀን ተመልሶ የተመላሽ ሰነድ ይሠራለታል፤ «ለጎረቤቱ ስጠው» አይባልም፣ ደረሰኙ የሌላ ሰው ነውና። አጋሮ ድረስ በዚህ መንገድ መሥራት ይቻላል፤ አንድ ቀን ይዘገያል እንጂ።

ማስታወቂያንም ልንካ። አዋጅ 1112/2011 አልኮልን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ ከልክሏል። ስለዚህ በአካባቢ ሬዲዮ «ማከፋፈያችን ተከፈተ» ልታስነግር ካሰብክ ገንዘብህን ያዝ። የመጋዘኑን ግድግዳ በብራንድ ቀለም ልቀባልህ የሚል ወኪል ቢመጣም ከከተማው ፈቃድ በጽሑፍ ሳታይ ብሩሽ አይነካው፤ ግድግዳው የሚጠየቀው በአንተ ስም ነው።

ጀማሪ_ከአጂፕ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የ6ቱ ቀን ሒሳብ ብቻውን የዕቅዱን ግማሽ ቀየረው። የፎርጅዱንና የዕድሜውን ጉዳይ የሚያውቅ ካለ እጠብቃለሁ። አንድ ልጨምር፦ ካነጋገርናቸው ግሮሰሪዎች አንዳንዶቹ «ካቲካላም በጀሪካን ብታመጡልን ከእናንተ እንወስዳለን» ይላሉ። ከቢራው ጋር አብሮ መጫን ይቻላል?

ማኅተሙን_እይ፦

ፎርጅድ እንዴት እንደሚሠራ ካወቅህ መለየቱ ይቀልሃል። አብዛኛው የሚጀምረው ከእውነተኛ ጠርሙስ ነው። የውጭ ውስኪ ባዶው ከቡና ቤት በቆራሌው እጅ ይወጣል፣ ሳይጎዳ ሌብሉም ክዳኑም ያለ ከሆነ በደህና ዋጋ ይሸጣል። ርካሽ አልኮል፣ ቀለምና ማጣፈጫ ይሞላበታል። ስለዚህ ጠርሙሱ «ኦሪጅናል» መሆኑ ምንም አያረጋግጥም። ደንበኞችህን የምትጠይቃቸው መጀመሪያ ነገር ይህ ይሁን፦ ባዶ የውስኪና የጂን ጠርሙስ ለቆራሌው ከመሰጠቱ በፊት ሌብሉ ይቧጨር፣ ክዳኑ ይጨፍለቅ።

ሲገባ የሚታየው እንዲህ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት መለያ ቁጥር ጠርሙሱ ላይ ካለው ጋር ይግጠም፤ በፋብሪካ በታሸገ አንድ ካርቶን ውስጥ ሦስትና አራት ዓይነት መለያ ከተገኘ ካርቶኑ ተከፍቶ ተሞልቷል። መለያው ብዙ ጊዜ በጨረር መስታወቱ ላይ ይጻፋል፤ የተፋቀበት ቦታ ደብዛዛ ሆኖ ይታያል። 12ቱን ጠርሙስ አሰልፈህ የፈሳሹን ከፍታ አወዳድር፤ የፋብሪካ መሙያ ማሽን ከፍታው እኩል ነው፣ በእጅ የተሞላ ይዛነፋል። ወደ ብርሃን አንስተህ ቀለሙንና ዝቃጩን እይ። የክዳኑ ቀለበት ሲከፈት የሚሰበርበት ቦታ ሙጫ ወይም ስንጥቅ አለበት ወይ? ጠርሙሱ አፍ ላይ እንዳይሞላ የሚከለክል ኳስ ያለው መጠጥ ከሆነ ኳሱ በነፃ ይንቀሳቀስ። የኤክሳይዝ ቴምብር ካለበት ክዳኑ ሲከፈት እንዲቀደድ ሆኖ መለጠፍ አለበት፤ ከጎን የተለጠፈ ወይም ተላጦ የተመለሰ ቴምብር ከሌለው አይሻልም። የመለጠፉ ግዴታ የአምራቹና የአስመጪው ቢሆንም፣ ጥያቄው የሚጀምረው ዕቃው ከተገኘበት ሰው መሆኑን አትርሳ።

ዋጋውም ይናገራል። ከአስመጪው የጅምላ ዋጋ በታች «ከአየር ማረፊያ የወጣ» እየተባለ የሚመጣ ውስኪ ወይ ኮንትሮባንድ ነው ወይ ፎርጅድ፤ በሁለቱም ደረሰኝ የለውም።

አሁን ሰው በልማድ ስለሚያምነው ልናገር። ክብሪት ጭሮ «ሰማያዊ ነደደ፣ ጥሩ ነው» ማለት ምንም አይለይም። ኤታኖልም (የሚጠጣው አልኮል) ሜታኖልም (መርዛማው) ይነድዳሉ፤ የሜታኖል ነበልባል እንዲያውም በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። በአልኮል መለኪያ (ያ ተንሳፋፊው መስታወት) መለየትም አይቻልም፤ የኤታኖል ክብደት በሚሊ ሊትር 0.789 ግራም፣ የሜታኖል 0.792 ነው፤ መለኪያው ሁለቱንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። ሽታና ጣዕምም አይረዱም። በእርግጠኝነት የሚለየው ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ነው። ለዚህ ነው ነገሩ ሁሉ ምንጩን በማወቅ ላይ የሚቆመው።

ሜታኖል የጠጣ ሰው መጀመሪያ ተራ ስካር ነው የሚመስለው። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከሌላ አልኮል ጋር ከጠጣ ከዚያም ዘግይቶ፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ የትንፋሽ መፍጠን፣ ከዚያ የዓይን መደብዘዝ ይመጣል። «ሀንጎቨር ነው፣ ይተኛ» የሚባልበት ሰዓት ዓይኑ ሊድን የሚችልበት ሰዓት ነው። ጅማ ላይ በቀጥታ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይወሰድ፣ የጠጣበት ጠርሙስም አብሮ ይሂድ። የተጠረጠረ ዕቃ ካገኘህ ሽያጩን አቁም፣ ካርቶኑን ለይተህ ቆልፍ፣ ደረሰኙን ያዝ፣ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ መስመር 8482 ደውል። ለሻጩ መልሰህ «ቀይርልኝ» አትበለው፤ ያው ካርቶን ሌላ ከተማ ይሸጣል።

ስለ ጀሪካኑ ካቲካላ፦ አታስገባው። ፈቃድህ የታሸገና የታወቀ አምራች ያለው ምርት ነው የሚሸፍነው። ጀሪካኑ ላይ የአምራች ስም የለም፣ የአልኮሉ መጠን የለም፣ ቀን የለም፣ የግዢ ደረሰኝም የለም። አንድ ሰው ቢታመም የመጨረሻው የታወቀ አድራሻ የአንተ መጋዘን ነው። ያው አይሱዙ ላይ ከቢራው ጋር ከተገኘ ደግሞ ቢራውም አብሮ ይታገዳል።

የሊሙ_ሰው፦

ምክሩ ልክ ነው፣ ግን አረቄን ሁሉ መርዝ አታድርጉት። ከእህል፣ ከብቅልና ከጌሾ የሚወጣ አረቄ በተፈጥሮው የሚይዘው ሜታኖል ጥቂት ነው። ገጠር ያሉ እናቶች ድፍድፉን በለጋ እሳት ነው የሚያወጡት።

ማኅተሙን_እይ፦

@የሊሙ_ሰው ትክክል ነህ፤ የጅምላ ሞት የሚመጣው የፋብሪካ ሜታኖል ወይም ለመጠጥ ያልተሠራ አልኮል ሲቀላቀልበት ነው። ችግሩም እሱ ጋ ነው። ከሊሙ የወጣው ደህና አረቄ ሦስት እጅ ቀይሮ ጅማ ሲደርስ ውኃ ተጨምሮበታል፣ «እንዲያቃጥል» ተብሎ ሌላ ነገር ተጨምሮበታል፤ ቀድሞ ፀረ ተባይ በነበረበት ጀሪካን ተገልብጦም ይሆናል። እናትዬው ያወጣችው ከሻጩ ጀሪካን ውስጥ ካለው ጋር አንድ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት የለም። ጥንካሬውን እንኳ ልለካ ብትል መለኪያው የተሠራው ለ20 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ 25 ዲግሪ ላይ 42 ያነበበው በትክክል 40 ገደማ ነው።

ዕድሜውን በተመለከተ፦ አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ጅምላ ሻጭ የሚሸጠው ለባለ ፈቃድ ስለሆነ በየቀኑ አይነካህም፤ የሚነካህ ለሠርግ፣ ለምርቃትና ለልደት «5 ሳጥን ስጡን» ብሎ የሚመጣው ነው። ኪቶ ፉርዲሳ (የዩኒቨርሲቲው ካምፓስ ያለበት) አካባቢ ያሉ ደንበኞችህ ግን በየምሽቱ ይነካቸዋል፣ ምክንያቱም ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ አብዛኛው 21 አልሞላም። መታወቂያ ሲያዩ የሚሠሩት ስህተት የዘመን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1998 የተወለደ ልጅ በ2018 ገና 20 ነው። አስተናጋጁ ስልኩ ላይ 2026 አይቶ 1998ን ከቀነሰ 28 ያገኛል፤ ልጁ ያልፋል። የውጭ አቆጣጠር ከውጭ፣ የእኛ ከእኛ ብቻ ይቀነስ። «ዘንድሮ ከዚህ ዓመት ወዲህ ለተወለደ አይሸጥም» የሚል አንድ ቁጥር በየመስከረሙ ቀይሮ ካሸሩ አጠገብ መለጠፍ ከሁሉ ይቀላል። ለ2018 ያ ቁጥር 1998 ነው። 1997 የተወለደውም ልደቱ ካለፈ ብቻ።

ዱቤ_የለም፦

ስለ ገንዘቡ ማንም አላነሳም። ቢራን በዱቤ አትስጥ። በምሳሌ፦ ከሳጥን 30 ብር ታተርፋለህ፣ ሳጥኑ ደግሞ 1,200 ብር ነው እንበል። 10 ሳጥን በዱቤ ወስዶ የጠፋ ደንበኛ 12,000 ብር ነው፤ እሱን ለመመለስ 400 ሳጥን መሸጥ አለብህ። ይኸውም ባዶውን ሳንቆጥር ነው። ሰባራም እንደዚያው ነው፦ 100 ሳጥን 2,400 ጠርሙስ ነው፣ አንድ በመቶ ከተሰበረ 24 ጠርሙስ፣ አንድ ሙሉ ሳጥን ሄደ። 1,200 ብር በ30 ሲካፈል የ40 ሳጥን ትርፍ።

ባዶ_ሳጥን፦

ከላይ ባለው ሒሳብ እስማማለሁ፤ «በጭራሽ አትስጥ» ጋ ግን አልስማማም። በአጋሮ መስመር ያለ ዱቤ ዓመቱን ሙሉ መሥራት አይቻልም፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ቡና ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ሲለቀም ሰዉ በካሽ ይገዛል፤ ክረምት ሲገባ ያው ቡና ቤት በሳምንት ያወጣ የነበረውን በሦስት ሳምንት ያወጣል። ስለዚህ ዱቤው በብር አይወሰን፣ በሳጥንና በጊዜ ይወሰን። ደንበኛው ያለፈው ሳምንት የወሰደውን እስኪከፍል አዲስ አይጫንለት፤ ጣሪያውም ማስያዣ ካኖረበት የሳጥን ቁጥር አይለፍ። ያኔ ቢጠፋ እንኳ የሳጥኑና የጠርሙሱ ማስያዣ እጅህ ላይ ነው፤ የምታጣው ቢራውን ብቻ ነው። በቡና ወቅት ያለፈውን ዕዳ ያልጨረሰ ደንበኛ ክረምት ላይ አይጨርስም፤ ታኅሣሥ 30 ዱቤውን ዝጋበት።

ትዕዛዝህንም ከጾሙ ጋር አስማማ። በ2018 ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነው የገቡት፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ። ጅማ ላይ ያ ማለት ሁለቱም ደንበኛ በአንድ ጊዜ ቀነሰ ማለት ነው። ጥምቀትና የጥር ሠርግ ስለሞቀ ብሎ ጥር መጨረሻ ላይ ሁለት ጭነት ያዘዘ ሰው ለፋሲካ የሚሸጠው የሁለት ወር ዕድሜ ያለው ቢራ ነው። ዋና ወኪሉ ወርኃዊ ታርጌት ካስቀመጠብህ ከመፈረምህ በፊት የሁዳዴና የረመዳን ወሮች ታርጌት ለብቻው ዝቅ ብሎ ይጻፍ። ለመጀመሪያው ወር 1,400 ሳጥን አትያዝ። በቀን 50 ጀምር፣ 900 ሳጥን ይበቃሃል (ደንበኛ ጋ 300፣ መጋዘን 200፣ አንዱ ጭነት ስለማያንስ ለሚጠራቀመው ባዶና ለመንገዱ ያው 400)፤ የባዶው መመለሻ በትክክል ስንት ቀን እንደሆነ በደንበኛ በደንበኛ ጻፍና በሁለተኛው ወር ቁጥሩን ይዘህ ና፣ እዚሁ እናስላው።